በቀቀንና ባለቤቱ፦ የተሳሳቱ አመለካከቶችና እውነታው

ትርጉሙ ሳይገባው የሚያነበንብን ተማሪ «እንደ በቀቀን ይደግማል» እንለዋለን። አባባሉ ተማሪውን በትክክል ይገልጸው ይሆናል፤ በቀቀኑን ግን ይበድለዋል። ተመራማሪዋ አይሪን ፔፐርበርግ እ.ኤ.አ. በ1977 ቺካጎ ውስጥ ከአንድ የቤት እንስሳት መደብር የገዙት አሌክስ የተባለ ግራጫ የአፍሪካ በቀቀን፣ በ2007 እስከሞተበት ጊዜ ድረስ ወደ 50 የሚጠጉ ዕቃዎችን በስማቸው መጥራት፣ ሰባት ቀለማትን መለየትና እስከ ስድስት ያለውን ብዛት መናገር ችሎ ነበር። ሁለት ዕቃዎች በምን እንደሚለያዩ ሲጠየቅም፣ ልዩነት ከሌላቸው «ምንም» ብሎ ይመልስ ነበር። ፈተናው ሲያሰለቸው ወደ ቦታው እንዲመልሱት በቃል ይጠይቅ እንደነበር ለሚያውቅ ሰው፣ «አይገባውም» የሚለው ፍርድ ቸኩሎ የተሰጠ ነው። እርግጥ አሌክስ ለዓመታት ሥልጠና ያገኘ ወፍ ነበር፤ እያንዳንዱ የቤት በቀቀን የሚለውን ሁሉ ያውቃል ማለት አይደለም።

«እንደ ሰው የሚናገረው ወፍራም ምላስ ስላለው ነው» የሚለው ግማሽ እውነት ነው። ምላሱ ድምፁን ይቀርጻል፤ ድምፁ የሚፈልቀው ግን የአየር ቧንቧው ለሁለት ከሚከፈልበት ከደረቱ ውስጥ ነው።

በቀቀን ያለበት ቤት የሚያውቀው ትዕይንት አለ፦ ስልክ ይጮኻል፣ ባለቤቱ እጁን ሳያደርቅ ከወጥ ቤት ሮጦ ይመጣል፣ ስልኩ ግን ጸጥ ብሎ ተቀምጧል፤ የጮኸው በቀቀኑ ነው። አብዛኛው ሰው «ሊያሾፍብኝ ነው» ይላል። በቀቀኖች በተፈጥሯቸው በመንጋ የሚኖሩ፣ ከዓይናቸው የራቀውን ጓደኛም በድምፅ እየጠሩ የሚፈልጉ ወፎች ናቸው፤ በኢትዮጵያ ብቻ የሚገኘው ግንባረ ቢጫ በቀቀንም በደጋው ደን ላይ በትንንሽ መንጋ እየጮኸ ሲበር ይሰማል። ቤት ውስጥ ለሚኖረው ወፍ መንጋው ባለቤቱ ነውና፣ ባለቤቱ ከክፍሉ ሲወጣ ይጠራዋል፤ ከሚያውቃቸው ድምፆች ሁሉ ባለቤቱን እያስሮጠ የሚያመጣለት የስልኩ ጥሪ መሆኑን ካስተዋለ ደግሞ እሱኑ ይደጋግመዋል። በዚህ ጉዳይ አሠልጣኙ ሰውየው ነው ለማለት እኔ አልደፍርም።

ተሳዳቢ በቀቀንን «ክፉ ነው» ወይም «ጌታው ባለጌ ቢሆን ነው» ብሎ መደምደምም የተለመደ ነው። እ.ኤ.አ. በ2020 በእንግሊዝ ሊንከንሻየር የሚገኝ የዱር እንስሳት ፓርክ፣ ከተለያዩ ባለቤቶች የተረከባቸውን አምስት ግራጫ በቀቀኖች ጎብኚዎችን ስለተሳደቡ ለያይቶ ለማኖር ተገዶ ነበር። ችግሩን ያባባሰው አንድ ላይ መክረማቸውና ሰው መሳቁ ነው፤ አንዱ ሲሳደብ ሌላው ይስቃል፣ የሰዉ ሳቅ ሲጨመርበት ደግሞ ስድቡ ይደገማል። ስድብ በስሜትና ጮክ ተብሎ ስለሚነገር በቀላሉ ይያዛል። ለወፉ ሳቅም ቁጣም ያው ትኩረት ስለሆነ፣ የሚሻለው ስድቡን እንዳልሰሙ ማለፍና ሌላ ቃል ሲናገር መሸለም ነው።

በመጨረሻ፣ የበላውን ከጉሮሮው አውጥቶ በባለቤቱ እጅ ላይ የሚያኖር በቀቀን ብዙ ጊዜ ታመመ ተብሎ ያስደነግጣል። ጤነኛ ወፍ አንገቱን ከፍ ዝቅ እያደረገ፣ ተረጋግቶ ይህን የሚያደርገው ለሚወደው ብቻ ነው፤ ጥንዶችም እርስ በርስ የሚመጋገቡት እንዲሁ ነው። ጭንቅላቱን እያራገፈ ምግቡን ወዲያና ወዲህ የሚረጭ፣ ላባውም በትፋት የቆሸሸ ከሆነ ግን ያ እውነተኛ ማስታወክ ነውና ሳይዘገይ የእንስሳት ሐኪም ሊያየው ይገባል።