ፓና፦ ታይገሮቹ አልቀው የተመለሱበት ደን

ፓና ብሔራዊ ፓርክ ያለው መካከለኛው ሕንድ ውስጥ፣ ማድያ ፕራዴሽ ግዛት ነው። ካጁራሆ ያሉትን ዝነኛ ጥንታዊ ቤተ መቅደሶች ለማየት የሄደ ሰው በመኪና ብዙም ሳይርቅ ይደርስበታል። ስፋቱ 543 ካሬ ኪሎ ሜትር ገደማ ነው። በ1981 ብሔራዊ ፓርክ ሆነ፣ በ1994 ደግሞ ለታይገር ጥበቃ ተከለለ (ዓመቶቹ ሁሉ በፈረንጆቹ ናቸው)። ጥቅጥቅ ያለ ጫካ እንዳይመስላችሁ። በደረቁ ወራት ቅጠሉን የሚያራግፍ የቲክ ዛፍ፣ ሣርና ገደል ነው፤ የኬን ወንዝ መሀሉን ሰንጥቆት ያልፋል። ነጠብጣቡ ነብር፣ ድብ፣ አጋዘን፣ አራት ቀንድ ያለው ሚዳቋ፣ ወንዙ ውስጥ ደግሞ አፈ ቀጭኑ አዞ አለ።

ፓናን ያስወራው ግን ባለ ሸንተረሩ ታይገር ነው። በ2009 አንድም አልቀረም ነበር! ሕገወጥ አዳኞች ጨረሷቸው። ያውም በድንገት አይደለም። ራግሁ ቹንዳዋት የተባለ ተመራማሪ እያለቁ ነው ብሎ ለዓመታት ሲጮህ፣ ኃላፊዎቹ አሉ አሉ እያሉ ወረቀት ላይ ይቆጥሩ ነበር። እኔን ከአደኑ በላይ የሚያናድደኝ ይሄኛው ነው።

በዚያው ዓመት ከባንዳቭጋርና ከካንሃ ፓርኮች ሁለት ሴት ታይገሮች መጡ። ኅዳር ላይ ደግሞ ከፔንች ቲ3 የተባለው ወንድ ተጨመረ። ወንዱ ግን አልበረደለትም። ጥቂት ቀን ቆይቶ ወደ ደቡብ፣ ወደ መጣበት አቅጣጫ፣ እብስ አለ። አንገቱ ላይ ምልክት የሚልክ የሬዲዮ ማሰሪያ ስለነበረው የፓርኩ ስካውቶች በዝሆንም በመኪናም እግር በእግር ተከተሉት፤ ከአንድ ወር ገደማ በኋላ በማደንዘዣ ይዘው መለሱት። ድጋሚ እንዳይጠፋስ? የሴት ታይገር ሽንት ደኑ ውስጥ ረጩለት። ሽታው ሥራውን ሠራ፤ በሚያዝያ 2010 የመጀመሪያዎቹ ግልገሎች ተወለዱ። በ2011 እናታቸው ሞታባቸው በሰው እጅ ያደጉ ሁለት እህትማማቾችም ከካንሃ መጥተው ተለቀቁ፤ አንዷ ዱር ውስጥ አድና፣ ወልዳ አሳደገች።

በ2022ቱ ቆጠራ ከ50 በላይ ታይገር ተገኝቷል። ቆጠራው አሁን በካሜራ ነው። ዛፍ ላይ የታሰረው ካሜራ እንስሳው ሲያልፍ ራሱ ያነሳዋል፣ የአንዱ ሸንተረር ከሌላው ስለማይመሳሰል ማን ማን እንደሆነ ይለያል። የፓርዲ ማኅበረሰብ ወጣቶችም፣ ቤተሰቦቻቸው በአደን የሚታወቁ፣ ዛሬ አንዳንዶቹ ጎብኚ እያስጎበኙ ይኖራሉ። መጎብኘት ያሰበ ልብ ይበል፣ በክረምት ከሐምሌ እስከ መስከረም ዋናው ክልል ዝግ ነው።

አሁን ያለው ጭንቀት ውኃ ነው። የኬንን ውኃ «ቤትዋ» ወደሚባለው ሌላ ወንዝ ለመውሰድ የታሰበው ግድብ የመሠረት ድንጋይ በታኅሣሥ 2024 ተጥሏል። ዝናብ ለራቀው ለቡንደልካንድ አካባቢ ገበሬ መስኖ ነው፣ ይሄን መካድ አይቻልም። ግን ሰፊ ደን ይውጣል፣ ገደሎቹ ላይ ጎጆ የሚሠሩት ጥንብ አንሳዎችም ቦታቸውን ያጣሉ ተብሎ ይፈራል፤ ከመንደራቸው የሚነሱት ሰዎችም በካሳው ሲከራከሩ ነው የከረሙት።