«ጀርመኑን እምቢ ያለችው ቫንዳ» ማለት ምን ማለት ነው?

ፖላንድ ውስጥ ቫንዳ የምትባል ሴት ስሟን ስትናገር አንዱ ቀበል አድርጎ «ጀርመኑን እምቢ ያለችው!» ቢላት አይገርማትም። ከልጅነቷ ጀምሮ የለመደችው ነገር ነው። አባባሉ የተዘጋጀላትን ባል አሻፈረኝ ያለች፣ ማንም ሊጠመዝዛት ያልቻለ ሴት ማለት ነው። ለጨዋታ ይባላል፤ ግን ከ800 ዓመት በላይ የቆየ ታሪክ አለበት።

መጀመሪያ የጻፈው የክራኮቭ ጳጳስ የነበረው ቪንሴንቲ ካድውቤክ ነው፤ በላቲን፣ በ1200 ግድም (ዓመቶቹ ሁሉ በአውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው)። እንደ እሱ አባባል ቫንዳ የክራኮቭን ከተማ የቆረቆረው የክራክ ልጅ ናት። አባቷ ሲሞት ሕዝቡ እሷን አነገሠ። አንድ የጀርመን ገዥ ዙፋኑ ባዶ መስሎት ጦሩን ይዞ መጣ። ወታደሮቹ ግን ቫንዳን ሲያዩ ተደናግጠው አንዋጋም አሉ፤ እሱም አፍሮ በገዛ ሰይፉ ሞተ። ቫንዳ ሳታገባ አገሯን ገዛች። በቃ፣ ይኸው ነው።

ዛሬ ሁሉም የሚያውቀው ታሪክ ግን ሌላ ነው። በኋላ የመጡት ጸሐፊዎች፣ በተለይ በ15ኛው ክፍለ ዘመን ያን ድውጎሽ፣ ለጀርመኑ ሪቲጊየር የሚል ስም አወጡለት፣ ቫንዳን ላግባሽ ብሎ እምቢ ያለችው አደረጉት፤ እሷንም ራሷን ቪስቱላ ወንዝ ውስጥ ወርውራ እንድትሞት አደረጓት። ድል ካደረገች በኋላ ማለት ነው! እኔ ይህንን አልወደውም። እምቢ ያለች ሴት በሕይወት ኖራ መግዛት የማትችል ይመስል፣ የግድ መሞት ነበረባት። የመጀመሪያዋ ቫንዳ ለማንም አልሞተችም፤ አባባሉም ቢሆን ስለ መሞቷ አንድም ቃል አይልም፣ እምቢ ማለቷን ብቻ ነው የያዘው።

በፖላንድና በጎረቤቶቿ ድንበር አካባቢ የሴቶች ስም ከባልና ከጋብቻ ጋር አብሮ ሲሻገር የኖረ ነው። ዶብራቫ ከቦሄሚያ (ከዛሬዋ ቼክ) መጥታ በ965 የፖላንዱን ገዥ ሚዬሽኮን አገባች፣ እሱም በዓመቱ ተጠመቀ። ያድቪጋ የሚለው ደግሞ ሄድቪግ የሚባለው የጀርመን ስም ነው፤ ፖላንዶች የራሳቸው አድርገውታል። በዚህ ስም የምትጠራው ንግሥት በ1384 ዘውድ ስትጭን ገና የ10 ዓመት ልጅ ገደማ ነበረች። ከኦስትሪያው ልዑል ቪልሄልም ጋር ከሕፃንነቷ ጀምሮ ታጭታ ሳለ፣ መኳንንቱ እሱን አባርረው በ1386 ለሊትዌኒያው ገዥ ለያጌሎ ዳሯት። እምቢ የማለት ዕድሉ ለእውነተኛዋ ንግሥት አልተሰጠም፣ በተረት ለምትኖረው ተሰጠ።

ቫንዳ የሚለው ስም ለልጆች በብዛት መውጣት የጀመረው በ19ኛው ክፍለ ዘመን ነው። ያኔ ፖላንድ የምትባል አገር ካርታ ላይ የለችም፤ ሩሲያ፣ ፕሩሲያና ኦስትሪያ ተከፋፍለዋታል። በፕሩሲያ እጅ በነበረው ክፍል ትምህርት ቤቱም ቢሮውም ወደ ጀርመንኛ እየዞረ ነበር። በ1901 ቭዤሽኒያ በምትባል ከተማ የሃይማኖት ትምህርት በጀርመንኛ አንማርም ያሉ ልጆች ተገርፈዋል። እንዲህ ባለ ጊዜ ለሴት ልጅ ቫንዳ ብሎ ስም ማውጣት ምን ማለት እንደሆነ ለማንም አይጠፋውም፤ ሰነድ ላይ ቢጻፍም የሚያስከስስ ነገር የለውም።

ክራኮቭ፣ ኖቫ ሁታ ሰፈር ውስጥ መቃብሯ ነው የሚባል 14 ሜትር ገደማ ከፍታ ያለው የአፈር ጉብታ አለ። ጫፉ ላይ ሠዓሊው ያን ማቴይኮ የነደፈው የእብነ በረድ ንስር ቆሟል። ከሥሩ ሰይፍና የመፍተያ በትር ተቀርጾበት «ቫንዳ» ይላል። ሴትም ገዥም ነበረች ለማለት ከእነዚህ ከሁለቱ የተሻለ ምልክት አልታየኝም።

ስሙን ካስጠሩት አንዷ በ1943 ሊትዌኒያ ውስጥ የተወለደችው ተራራ ወጪዋ ቫንዳ ሩትኪዬቪች ናት። በ1978 ኤቨረስት ጫፍ ከአውሮፓ ሴቶች መጀመሪያ የደረሰችው እሷ ናት፤ በ1986 ደግሞ ከኤቨረስት ቀጥሎ የዓለም ሁለተኛውን ረጅም ተራራ ኬቱን (K2) ከሴቶች ሁሉ ቀድማ ወጣችው።