ቶዮታ ሞተር ኩባንያ፦ አመጣጡ፣ አሠራሩና ዝናው

ቶዮታ ሞተር ኩባንያ ዋና መሥሪያ ቤቱን በጃፓን አይቺ ግዛት፣ በስሙ በተሰየመችው በቶዮታ ከተማ ያደረገ የመኪና አምራች ነው። በ2023 ዳይሃትሱና ሂኖ የሚባሉትን ቅርንጫፍ ኩባንያዎቹን ጨምሮ ከ11 ሚሊዮን በላይ ተሽከርካሪዎች ሸጧል፤ በሽያጭ ብዛት ከዓለም አምራቾች ቀዳሚ ሆኖ ከቆየም ዓመታት ተቆጥረዋል። በአሜሪካ አውራ ጎዳናም ሆነ በአፍሪካ ጠጠር መንገድ ላይ ስለዚህ መኪና የሚባለው ነገር ተመሳሳይ ነው፦ አይበላሽም፣ ቢበላሽም ይጠገናል። የዚህ ስም ሥር የተተከለው መኪና ከመሠራቱ በፊት ነው፤ ጉድለት በታየበት ቅጽበት ሥራን ማቆም የሚለው ልማድ መጀመሪያ የተፈተነው በሽመና ማሽን ላይ ነበር። ኩባንያው ስሙ የጎደፈበትም ወቅት ይህን ልማድ የዘነጋበት ወቅት ነው። በዚህ ጽሑፍ የሚጠቀሱት ዓመታት በሙሉ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።

የቤተሰቡ ሥራ ጀማሪ ሳኪቺ ቶዮዳ በ1867 ዛሬ ሺዙኦካ በሚባለው ግዛት ከአናጺ አባት ተወለዱ። የመንደራቸው ሴቶች በእጅ ሽመና ሲደክሙ እያዩ አደጉና የአባታቸውን ሙያ ወደዚያው አዞሩት፤ በ1891 ለእንጨት የእጅ ሽመና መሣሪያ የመጀመሪያውን የፈጠራ መብት አገኙ። ከሦስት አሥርት ዓመታት ሙከራ በኋላ፣ በ1924፣ ማሽኑ ሳይቆም ባዶ የሆነውን መወርወሪያ ክር በሞላው የሚተካ፣ ክር ሲበጠስ ግን በራሱ ጊዜ ቀጥ የሚል አውቶማቲክ መሸመኛ ለሥራ በቃ። የዚህን ጥቅም ሽመና የሚያውቅ ሰው ወዲያው ይረዳዋል። ድሩ ተበጥሶ ማሽኑ መሥራቱን ከቀጠለ የሚወጣው ጨርቅ ሁሉ ብላሽ ነው፤ ስለዚህ ከእያንዳንዱ ማሽን አጠገብ አንድ ተቆጣጣሪ መቆም ነበረበት። ማሽኑ ራሱ ማቆም ሲችል ግን አንዲት ሠራተኛ ብዙ ማሽኖችን ብቻዋን መጠበቅ ቻለች። በ1929 የእንግሊዙ ፕላት ብራዘርስ፣ በጊዜው በዘርፉ ስመ ጥር የነበረው አምራች፣ የዚህን መሸመኛ የፈጠራ መብት በ100 ሺህ ፓውንድ ለመግዛት ተዋዋለ። ሳኪቺ በቀጣዩ ዓመት አረፉ።

ልጃቸው ኪይቺሮ በቶኪዮ ኢምፔሪያል ዩኒቨርሲቲ የሜካኒካል ምሕንድስና የተማሩ ነበሩ። በጊዜው የጃፓንን የመኪና ገበያ የያዙት በዮኮሃማና በኦሳካ መገጣጠሚያ የከፈቱት ፎርድና ጄኔራል ሞተርስ ሲሆኑ፣ የሽመና ማሽን ፋብሪካ መኪና እሠራለሁ ብሎ መነሣቱ ለብዙዎች የማይሆን ሐሳብ ነበር። ኪይቺሮ በ1933 በፋብሪካው ውስጥ የመኪና ክፍል አቋቋሙ፤ የአሜሪካ ሞተር ፈታትተው እያንዳንዱን ክፍል አጠኑ። በ1935 የመጀመሪያው የሙከራ አውቶሞቢልና ጂ ዋን የተባለው የጭነት መኪና ወጡ። እነዚያ የጭነት መኪናዎች መንገድ ላይ ደጋግመው ይበላሹ እንደነበር የኩባንያው የራሱ ታሪክ አይሸሽግም፤ ዛሬ በአስተማማኝነት የሚጠራው ስም የተነሣው ከዚያ ነው። በ1936 የወጣው ሕግ የአገር ውስጥ አምራቾችን በመደገፍ የውጭዎቹን ሲያግድ፣ ቶዮዳ ከኒሳን ጋር ፈቃድ ካገኙት መካከል ሆነ። የቤተሰቡ ስም ለመኪናው «ቶዮታ» ተብሎ ተለወጠና ኩባንያው በነሐሴ 1937 ራሱን ችሎ ተቋቋመ።

ከዓለም ጦርነቱ በኋላ የመጣው ፈተና ግን ኩባንያውን ከሞት አፋፍ አድርሶት ነበር። በ1949 የዋጋ ንረትን ለመግታት የተወሰደው ጠንካራ የገንዘብ ፖሊሲ ገበያውን አደረቀው፤ መኪና በዱቤ የወሰዱ ደንበኞች መክፈል አቃታቸው፤ የሠራተኛ ደመወዝም መጓተት ጀመረ። ባንኮች ተሰባስበው ብድር ሲሰጡ፣ የሽያጩ ክፍል ራሱን የቻለ ኩባንያ እንዲሆንና ሠራተኛ እንዲቀነስ ጠየቁ። ሰው አላባርርም ብለው ቃል ገብተው የነበሩት ኪይቺሮ ከረጅም የሥራ ማቆም አድማ በኋላ፣ በሰኔ 1950፣ ቅነሳውን ተቀብለው እሳቸውም ሥልጣናቸውን ለቀቁ። ሳምንታት ሳይቆዩ የኮሪያ ጦርነት ፈነዳና የአሜሪካ ጦር የጭነት መኪና ማዘዝ ጀመረ፤ ኩባንያው ዳነ። ኪይቺሮ ግን ወደ ቦታቸው ሳይመለሱ በ1952 በ57 ዓመታቸው አረፉ። 1950 ጥሎት ያለፈው ጠባሳ ቶዮታን ለመረዳት ከማንኛውም የሽያጭ አኃዝ ይልቅ ይጠቅማል፤ ኩባንያው ከዚያ በኋላ ጥሬ ገንዘብ በማከማቸት «ቶዮታ ባንክ» እስኪባል ድረስ ቆጣቢ ሆነ፤ ከሠራተኛ ማኅበሩ ጋርም ዘላቂ ስምምነት ለመፍጠር ተጋ።

በዚያው በ1950 የኪይቺሮ የአጎት ልጅ ኤይጂ ቶዮዳ ወደ አሜሪካ ሄደው የፎርድን ግዙፍ ፋብሪካ ጎበኙ። ያዩት ስፋት የሚያስደንቅ ቢሆንም ለጃፓን የሚሆን አልነበረም፤ ቶዮታ ለአንድ ዓይነት ሞዴል ብዙ ሺህ መለዋወጫ ሠርቶ በመጋዘን የሚያከማችበት ቦታም ገንዘብም አልነበረውም። መፍትሔውን የቀመሩት ከሽመናው ፋብሪካ የመጡት ታይቺ ኦኖ ናቸው። ሐሳባቸው በአሜሪካ ሱፐርማርኬቶች አሠራር ላይ የተመሠረተ ነበር፤ ደንበኛ ዕቃ ሲያነሣ ብቻ መደርደሪያው እንደሚሞላ ሁሉ፣ በፋብሪካውም ተከታዩ ሠራተኛ የሚፈልገውን፣ በሚፈልገው ጊዜና መጠን ከቀዳሚው ይወስዳል፤ የተወሰደውን ለመተካት የሚያዝዘው ካንባን የተባለ ካርድ ነው። ከዚህ ጎን ለጎን የሳኪቺ ማሽን ትምህርት ወደ ሰው ተሻገረ። በመገጣጠሚያው መስመር ላይ ያለ ማንኛውም ሠራተኛ ጉድለት ካየ ከራሱ በላይ የተዘረጋውን ገመድ ይስባል፤ አለቃው ደርሶ ችግሩ በጊዜው ካልተፈታ መስመሩ በሙሉ ይቆማል። በሌሎች ፋብሪካዎች መስመር ያስቆመ ሠራተኛ የሚቀጣ በነበረበት ዘመን ይህ ትልቅ ድፍረት ነበር። ኦኖ ደግሞ አንድ ችግር ሲገጥም አምስት ጊዜ «ለምን?» ብሎ መጠየቅን አስተማሩ። ማሽኑ ለምን ቆመ? ፊውዝ ተቃጥሎ። ፊውዙ ለምን ተቃጠለ? ኩሽኔታው ቅባት አጥሮት። ጥያቄው እንዲህ ወደ ኋላ ሲገሰግስ ከዘይቱ ፓምፕ አልፎ ማጣሪያ አለመኖሩ ላይ ይደርሳል፤ ፊውዝ ብቻ ቀይሮ የሄደ ሰው ግን በማግስቱ ያው ችግር ይጠብቀዋል።

ይህ ሥርዓት ከጃፓናውያን ባሕርይ የመነጨ ነው የሚለው አስተያየት በዘመኑ ይዘወተር ነበር፤ በካሊፎርኒያ ፍሪሞንት የሆነው ግን ያን አያጸናም። ጄኔራል ሞተርስ በሠራተኞቹ መቅረትና በምርቱ ደካማነት ስሙ የከፋውን ፋብሪካ በ1982 ከዘጋ በኋላ፣ ሁለቱ ኩባንያዎች በሽርክና በ1984 ከፈቱት። አብዛኞቹ ሠራተኞች የቀድሞዎቹ ነበሩ፤ የተለወጠው አሠራሩ ነው፤ የሚወጡት መኪናዎችም ብዙም ሳይቆይ በጥራት ከጃፓኖቹ ጋር የሚወዳደሩ ሆኑ።

መጋዘን ያለመያዝ አደጋ ደግሞ በየካቲት 1997 ታየ። በካሪያ ከተማ ያለው፣ የአቅራቢው የአይሲን ፋብሪካ ሲቃጠል፣ ለቶዮታ መኪናዎች ፍሬን የሚያስፈልገው አንድ ትንሽ ቫልቭ ምንጩ ደረቀ፤ ከሞላ ጎደል ሁሉም የሚመጣው ከዚያው ነበርና። በእጅ ያለው ክምችት የሰዓታት ያህል ብቻ ስለነበር በጃፓን ያሉት የቶዮታ መስመሮች በጥቂት ቀናት ውስጥ ቆሙ። ከዚያ የሆነው ነገር በአምራቾች ታሪክ ብዙ ተጠንቷል፤ ከ60 በላይ ኩባንያዎች፣ የልብስ ስፌት መኪና የሚሠራው ብራዘር ሳይቀር፣ ንድፉን ተከፋፍለው ቫልቩን በየፋብሪካቸው መሥራት ጀመሩ፤ አብዛኞቹ ዋጋና ውል እንኳ አስቀድመው አልጠየቁም። መስመሮቹ በሳምንት ገደማ ውስጥ ዳግም ተንቀሳቀሱ። ሥርዓቱ የሚቆመው በካርዱ ብቻ ሳይሆን በአቅራቢዎች መካከል ለብዙ ዓመታት በተገነባ መተማመን መሆኑን ያ ሳምንት በግልጽ አሳይቷል።

ወደ ውጭ ገበያ የተደረገው የመጀመሪያ ጉዞ አልሠመረም፤ በ1957 ወደ አሜሪካ የተላከው ክራውን ለረጅሙ አውራ ጎዳና ጉልበት አጥሮት ሽያጩ በ1960 ተቋረጠ። ኮሮና የተባለው ሞዴል በተሻለ ሞተር ተመልሶ ገበያውን ከፈተ፤ በ1966 የወጣው ኮሮላ ደግሞ በ1973ቱ የነዳጅ ቀውስ ጊዜ ቆጣቢነቱ ተፈላጊ አደረገው፤ እስከ 2021 ከ50 ሚሊዮን በላይ ተሸጧል። የቅንጦት መኪናዎቹ መለያ ሌክሰስ በ1989፣ በነዳጅና በኤሌክትሪክ የሚሠራው (ሃይብሪድ የሚባለው) ፕሪየስ በ1997 ተከተሉ።

በአፍሪካ ስሙን የተከለው ግን ሌላ ዓይነት መኪና ነው። ላንድ ክሩዘር በ1951 ለጦርና ለፖሊስ ከተሠራ መኪና የወጣ ሲሆን፣ ወፍራም ቻሲሱና ቀላል ሞተሩ መንገድ በሌለበት ስፍራ የእርዳታ ድርጅቶችና የተባበሩት መንግሥታት የመጀመሪያ ምርጫ አደረገው። ሃይሉክስ የተባለው ፒክአፕ በበኩሉ አምራቹ ያልፈለገውን ዝናም አትርፏል፤ የቻድ ሠራዊት በ1987 መሣሪያ በተጫነባቸው ፒክአፖች የሊቢያን ታንኮች ድል ያደረገበት ውጊያ «የቶዮታ ጦርነት» ተብሎ ይጠራል።

በኢትዮጵያ የቶዮታ ወኪል የሆነው ሞኤንኮ ለአሥርት ዓመታት የዘለቀ ድርጅት ነው፤ አብዛኛው ሰው የሚያውቃቸው ግን በዱባይ በኩል ያገለገሉ ሆነው የገቡትን ነው። ዲኤክስ የሚባለው አሮጌ ኮሮላ፣ ሰማያዊና ነጭ ቀለም የተቀባው የሃያስ ሚኒባስ ታክሲ፣ ዶልፊኑና ቪትዟ የአዲስ አበባ ጎዳና መልክ ናቸው። መለዋወጫው ሶማሌ ተራ አይጠፋም፤ የማያውቀው መካኒክም የለም፤ ስለዚህ ያገለገለ ቶዮታ ዋጋው እምብዛም አይወርድም፣ ብዙ ቤተሰብም ከመጓጓዣነቱ እኩል እንደ ቁጠባ ያየዋል። ቪኤይት የተባለው ላንድ ክሩዘር ግን የባለሥልጣናት ምልክት በመሆኑ፣ በድሃ አገር የመንግሥት ወጪ ላይ ለሚነሣው ተገቢ ወቀሳ ምሳሌ ሆኗል።

ኩባንያው በ2008 ጄኔራል ሞተርስን በሽያጭ ሲቀድም፣ ፍጥነቱ ጥንቃቄውን እየጎዳ ነበር። በነሐሴ 2009 በካሊፎርኒያ አንዲት ሌክሰስ መኪና መቆም አቅቷት አራት ሰዎች ሞቱ፤ ነዳጅ መስጫው ፔዳል በማይመጥን የወለል ምንጣፍ ተይዞ ነበር። በሌሎች ሞዴሎች ደግሞ ፔዳሉ ራሱ ተጣብቆ የመቅረት ችግር ተገኘ። ሚሊዮኖች መኪናዎች ለጥገና ተጠሩ፤ የኪይቺሮ የልጅ ልጅ፣ የጊዜው ፕሬዝዳንት አኪዮ ቶዮዳ፣ በየካቲት 2010 በአሜሪካ ምክር ቤት ቀርበው ይቅርታ ጠየቁ፤ ዕድገቱ ከልክ በላይ ፈጥኖ እንደነበርም አመኑ። መንግሥታዊው ምርመራ ብዙዎች የጠረጠሩትን የኤሌክትሮኒክስ ብልሽት አላገኘም፤ ሆኖም ቶዮታ ስለ ጉድለቶቹ ደንበኞችን ማሳሳቱን በማመን በ2014 1.2 ቢሊዮን ዶላር ለመክፈል ተስማማ። የከበደው ጥፋት ዝምታው ነበር፤ ገመዱን መሳብ የነበረባቸው በዚህ ጊዜ ፋብሪካው ውስጥ ያሉት ሳይሆኑ አለቆቹ ነበሩ። በታኅሣሥ 2023 ደግሞ ዳይሃትሱ ለዓመታት የደኅንነት ፈተና ውጤቶችን ሲያጭበረብር መቆየቱ ታውቆ የሁሉንም ሞዴሎች ማጓጓዝ አቆመ፤ የጊዜ ጫና ሠራተኛውን ዝም እንዳሰኘ መርማሪዎቹ ገልጸዋል።

በአሁኑ ጊዜ ኩባንያው የሚተቸው በባትሪ ብቻ ወደሚሄድ መኪና ዘግይቶ በመግባቱ ነው። ቢዚ ፎር ኤክስ የተባለው የኤሌክትሪክ ሞዴሉ በ2022 በወጣ በጥቂት ሳምንታት ውስጥ የጎማ ብሎኖቹ ሊላሉ ስለሚችሉ ተመልሶ ተጠርቶ ነበር። አመራሩ ሃይብሪድ፣ ሃይድሮጅንና ባትሪ ጎን ለጎን መቀጠል አለባቸው በሚለው አቋሙ ጸንቷል፤ የሃይብሪድ ሽያጭ መጨመሩም ለጊዜው ደግፎታል። ለኢትዮጵያ ገበያ ግን ይህ ክርክር የሩቅ አይደለም፤ መንግሥት በ2024 በነዳጅ የሚሠሩ አውቶሞቢሎች እንዳይገቡ ከከለከለ ወዲህ አዲስ ገዢ የሚመርጠው ከኤሌክትሪክ መኪናዎች ነው፤ በዚያ መስክ ደግሞ የቻይና አምራቾች ቀድመው ገብተዋል።