ወርዋሪና ቀላቢ በአሜሪካ እግር ኳስ

የአሜሪካ እግር ኳስ በስሙ እግር ይኑርበት እንጂ ሥራው በአብዛኛው የእጅ ነው። ኳርተርባክ የሚባለው ተጫዋች ይወረውራል፤ ሪሲቨር የሚባለው ሮጦ ይቀልባል። የተመልካች ዓይን ኳሱን ይከተላል፤ የሁለቱ ውል የሚታሰረው ግን ኳሱ ከእጅ ሳይወጣ ነው።

ጥሩ ኳርተርባክ የሚወረውረው ባልደረባው ወዳለበት ሳይሆን ወደሚደርስበት ቦታ ነው። ሪሲቨሩ አሥር ወይም አሥራ ሁለት ያርድ ቀጥ ብሎ ሮጦ ድንገት ይታጠፋል፤ ፊቱን ሲያዞር ኳሱ አየር ላይ ነው። መታጠፍ ሲገባው ወደፊት ከቀጠለ ኳሱ ተከላካይ እጅ ይገባል፤ ጩኸቱ ግን የሚወርደው በወርዋሪው ላይ ነው። ወርዋሪው በበኩሉ ኳሱን ከፍ አድርጎ ከላከው፣ ሪሲቨሩ እጁን ዘርግቶ ሲዘል ጎኑ ለተከላካይ ትከሻ ይጋለጣል። አንዱ ስሙን፣ ሌላው የጎን አጥንቱን ለባልደረባው አደራ ሰጥቷል ማለት ይቻላል።

ለዚህ መተማመን ኳርተርባኩን ፔይተን ማኒንግንና ሪሲቨሩን ማርቪን ሃሪሰንን የሚያህል ምሳሌ ማግኘት ያስቸግራል። በኢንዲያናፖሊስ ኮልትስ ቡድን እ.ኤ.አ. ከ1998 እስከ 2008 አብረው ተጫውተው በመደበኛ ውድድር 112 ተችዳውን (ኳሱን ተጋጣሚው ጫፍ ክልል በማድረስ የሚገኝ ነጥብ) አስቆጥረዋል፤ ለአንድ ጥንድ ተጫዋቾች ክብረ ወሰን ነው። ሃሪሰን በ2002 ብቻ 143 ኳሶችን ቀልቧል። ማኒንግ እያንዳንዱ የማጥቃት ሙከራ ሊጀመር ሰከንዶች ሲቀሩት እየጮኸና እጁን እያወናጨፈ ዕቅድ ይቀይራል፤ ሃሪሰን ደግሞ ዝምተኛ ነበር። አብዛኛውን ጊዜ በቀኝ ጠርዝ ቆሞ ምልክቱን በጩኸት መካከል ያነብና የአሯሯጡን መስመር ይቀይራል። እንዲህ ያለው መግባባት በችሎታ ብቻ አይገኝም፤ አንዱን መስመር አሰልቺ እስኪሆን ድረስ ደጋግሞ መለማመድ ይጠይቃል።

ጥገኝነቱ ግን እኩል አይደለም፤ ሚዛኑ ወደ ወርዋሪው ያደላል። ማኒንግ ከሃሪሰን ተለይቶ፣ በ2013 በዴንቨር ብሮንኮስ ቡድን 55 የተችዳውን ኳሶችን ወርውሮ የአንድ የውድድር ዘመን ክብረ ወሰን ሰብሯል። በአሪዞና ካርዲናልስ ቡድን የነበረው ሪሲቨር ላሪ ፊትዝጀራልድ ተቃራኒውን አይቷል። ኳርተርባኩ ከርት ዋርነር ከ2009 የውድድር ዘመን በኋላ ጡረታ ሲወጣ፣ ቡድኑ በቀጣዩ ዓመት ወርዋሪ ሲያፈራርቅ ከረመ። ፊትዝጀራልድ ያን ዓመትም በቀለባቸው ኳሶች ከ1,000 ያርድ በላይ ተጉዟል፤ ካርዲናልስ ያሸነፈው ግን ከ16 ጨዋታ 5ቱን ብቻ ነው።