ከባች ወደ ባች፦ የአንድ ትንሽ የኮምፒውተር ሳይንስ ዲፓርትመንት ኑሮ በአራት ኪሎ ዙሪያ

ከአራት ኪሎ ወደ ስድስት ኪሎ የሚወጣው መንገድ የአገሪቱ የዩኒቨርሲቲ ትምህርት የተጀመረበት ሠፈር ነው። እ.ኤ.አ. በ1950 የተቋቋመው የአዲስ አበባ ዩኒቨርሲቲ ኮሌጅ ሥራውን የጀመረው አራት ኪሎ ላይ ነው፤ የገነተ ልዑል ቤተ መንግሥት ለትምህርት ተሰጥቶ ዋናው ግቢ ስድስት ኪሎ የሆነው ከ11 ዓመት በኋላ ነው። ዛሬ ሳይንሱ አራት ኪሎ፣ ምህንድስናው አምስት ኪሎ፣ ማኅበራዊ ጥናቱ በብዛት ስድስት ኪሎ ይሰጣል። በዙሪያው ደግሞ ፎቅ ተከራይተው የሚያስተምሩ የግል ኮሌጆች አሉ። ኮምፒውተር ሳይንስ በመንግሥቱም በግሉም ይሰጣል፤ ዲፓርትመንቱ ትንሽ ከሆነ ግን የተማሪው ኑሮ የትም ቢሆን ከሞላ ጎደል አንድ ዓይነት ነው።

ትንሽ የሚባለው በየዓመቱ አንድ፣ ቢበዛ ሁለት ሴክሽን የሚቀበል፣ አንድ ወይም ሁለት ላብ፣ አንድ ጸሐፊና አንድ የላብ ቴክኒሽያን ያለው ነው። ከመምህራኑ የተወሰኑት ሁልጊዜ ለሁለተኛ ወይም ለሦስተኛ ዲግሪ ትምህርት ላይ ናቸው። የዲፓርትመንት ኃላፊነቱም ለጥቂት ዓመት ተይዞ ለሌላ የሚተላለፍ ሥራ ነው። በዚህ ምክንያት የትኛው መሥሪያ ቤት ኢንተርን (ለሥራ ልምምድ የሚወጣ ተማሪ) እንደሚቀበል፣ የትኛው ኮርስ በምን መጽሐፍ እንደተሰጠ፣ አምና የመመረቂያ ፕሮጀክት በፈታኞች ፊት በሚቀርብበት ዲፌንስ ላይ ምን እንደተጠየቀ የሚያስታውሰው ከቢሮው ይልቅ ባቹ፣ ማለትም በአንድ ዓመት አብሮ የገባው ተማሪ ነው። የዲፓርትመንቱ ማኅደር በፍላሽና በቴሌግራም ከሲኒየር ወደ ጁኒየር ይወርዳል፤ በመካከል አንድ ባች ከሰነፈ ይቋረጣል።

ሪፑ፣ ግሩፑና የሚወረሰው ፎልደር

በመንግሥት ዩኒቨርሲቲዎች ከ2012 ዓ.ም. ጀምሮ የመጀመሪያው ዓመት የጋራ ነው። ተማሪው ሎጂክ፣ ሳይኮሎጂ፣ ሒሳብ፣ እንግሊዝኛና ኢመርጂንግ ቴክኖሎጂ ሲማር ከርሞ እንደ ውጤቱ ዲፓርትመንት ይደርሰዋል። ኮምፒውተር ሳይንስ የደረሰው ሰው መጀመሪያ የሚያገኘው ቋንቋ በአብዛኛው ሲ ፕላስ ፕላስ ነው፤ ዳታ ስትራክቸር፣ ኦብጀክት ኦሬንትድ፣ ዳታቤዝና ኦፐሬቲንግ ሲስተም ይከተላሉ።

አንድ ሴክሽን ብቻ መኖሩ ያለው ትልቁ መዘዝ ብዙዎች ዘግይተው የሚያውቁት ነው። ኮርሱ በዓመት አንድ ጊዜ ብቻ ይሰጣል። ዳታ ስትራክቸር ላይ ኤፍ ያመጣ ተማሪ እስከ ሚቀጥለው ዓመት ይጠብቃል፤ ሲመጣም የጁኒየሮቹ ክላስ ከራሱ ባች ፕሮግራም ጋር ይጋጭበታል። ያ ኮርስ የሌሎች ቅድመ ሁኔታ ከሆነ መዘግየቱ እየተደራረበ ምረቃውን ይገፋዋል። በትልቅ ዲፓርትመንት በሌላ ሴክሽን ገብቶ መድገም ይቻላል፣ እዚህ ያ መውጫ የለም። ስለዚህ ድክመቱን የሚያውቅ ተማሪ ኮርስ መተው የሚቻልበት የድሮፕ ቀን ሳያልፍ ከአድቫይዘሩ ጋር ቁጭ ብሎ የቀሩትን ሴሚስተሮች በወረቀት ላይ ይደረድራል።

ይህን ሁሉ የሚያስተባብረው ሪፑ፣ ማለትም የክፍሉ ተወካይ ነው። ባዶ ክፍል ይፈልጋል፣ ከመምህሩ ጋር የኩዊዝ ቀን ይደራደራል፣ ሃንድአውት ለፎቶ ኮፒ ያደርሳል፣ «ዛሬ ክላስ የለም» ብሎ ይጽፋል። ጥሩ ሪፕ የሚለየው በመጀመሪያው ሳምንት ነው፤ የኮርስ አውትላይኑንና የነጥብ አከፋፈሉን ተቀብሎ ግሩፑ ላይ ፒን ያደርጋል። ፋይናሉ 50 ከመቶ ይሁን 60 አስቀድሞ በጽሑፍ ከተያዘ በሴሚስተሩ መጨረሻ የሚነሳው ጭቅጭቅ በግማሽ ይቀንሳል።

የቴሌግራም ቻናሉ የራሱ ጣጣ አለው። ባለቤቱ ተመርቆ ሲም ካርዱን ከቀየረ ወይም አካውንቱ ከተዘጋ፣ ቻናሉ ፋይሎቹን እንደያዘ ያለ ባለቤት ይቀራል። ባለቤትነት ለማስተላለፍ ደግሞ የሚያስተላልፈው ሰው ሁለት ደረጃ ማረጋገጫውን ቢያንስ 7 ቀን ቀድሞ ማብራት አለበት፤ የምረቃ ዕለት ታስቦ የሚሆን ነገር አይደለም። ብልህ ባቾች ርክክቡን ከፋይናል በፊት ይጨርሱና ፎልደሩን በኮርስ ስምና በዓመት ለይተው አንድ ቅጂ በሃርድ ዲስክ ያስቀምጣሉ።

የሚወረሰው ነገር ሁሉ ግን ጤነኛ አይደለም። ሲ ፕላስ ፕላስ እ.ኤ.አ. በ1998 ደረጃ ከወጣለት ወዲህ «አይኦስትሪም ዶት ኤች» የሚለው የቀድሞ ራስጌ (ሄደር) ፋይል የቋንቋው አካል አይደለም፤ ቱርቦ ሲ ከሚባለው አሮጌ ኮምፓይለር ዘመን የተረፈ ሃንድአውት ግን እስካሁን ይዞት ይዞራል። «ቮይድ ሜይን»ና ስክሪን ማጽጃው «ሲኤልአርኤስሲአር»ም እንዲሁ። ጀማሪው ኮዱን ቃል በቃል ገልብጦ፣ ኮምፓይለሩ በስህተት መልእክት ሲሞላበት ጥፋቱ የራሱ ይመስለዋል። ያለፉ ዓመታት ፈተናዎችም መምህሩ እስካልተቀየረ ድረስ ይጠቅማሉ፤ ከተቀየረ በኋላ የቸከላቸው ሰው ለሌላ ሰው ፈተና ነው የተዘጋጀው።

ላብና መብራት

ብዙ ላብ ላይ ኮምፒውተሩ ሲነሳ ወደ ቀድሞ ሁኔታው የሚመልስ ዲፕ ፍሪዝን የመሰለ ሶፍትዌር ተጭኗል። ቫይረስን ይከላከላል፤ ግን ዴስክቶፕ ላይ የተቀመጠ ሥራ መብራት ጠፍቶ ሲመጣ የለም። ሶፍትዌሩ ወደ ቀድሞው የሚመልሰው ሲ ድራይቭን ብቻ ከሆነ ዲ ላይ የተቀመጠው ይተርፋል፤ የትኛው እንደሆነ ቴክኒሽያኑን በመጀመሪያው ቀን መጠየቅ ነው። ፍላሽ ሲሰካ ፎልደሮቹ በቫይረስ ወደ ሾርትከት ከተቀየሩ ደግሞ ፎርማት ማድረግ አያስፈልግም። ፋይሎቹ ተደብቀው እንጂ ጠፍተው አይደለም፤ «አትሪብ» በሚባለው ትእዛዝ የመደበቂያ ምልክታቸው ሲነሳ ተመልሰው ይታያሉ። ሾርትከቱን አለመጫን ነው ዋናው።

ላብ ሲዘጋ ላፕቶፕ ያለው አብርሆት ቤተ መጻሕፍት ይሄዳል። በ2014 ዓ.ም. አራት ኪሎ የተከፈተው ይህ ቤት የአካባቢውን ተማሪ የማታ ኑሮ ቀይሮታል ማለት ይቻላል። ፈተና ሲቃረብ ወንበር የሚገኘው በማለዳ ለሚደርስ ነው። ኔት የማይቀርበት ቦታ ማግኘት ቀላል ስላልሆነ ፕሮጀክት የሚሠራ ቡድን የሚያስፈልጉትን የኮድ ላይብረሪዎችና ሙሉ ኢንስታለሮች አንድ ቀን አውርዶ በፍላሽ መያዝ ይለምዳል።

ውድድርም አለ። አይሲፒሲ በሚባለው ዓለም አቀፍ የዩኒቨርሲቲዎች የፕሮግራሚንግ ውድድር ሦስት ሰው በአንድ ኮምፒውተር 5 ሰዓት ይሠራል። ትንሽ ዲፓርትመንት ቡድን ማውጣት አያቅተውም፤ የሚያቅተው ማቆየት ነው። ሦስቱም አንድ ባች ከሆኑ አብረው ይመረቃሉ፣ ልምዱም አብሮ ይወጣል። ቢያንስ አንድ የሁለተኛ ዓመት ተማሪ የሚያስገቡ ቡድኖች ይህን ያመልጣሉ።

ኢንተርንሺፕ፦ ደብዳቤው የሚሄድበት መንገድ

በብዛት ከሦስተኛ ዓመት በኋላ በክረምት ይወጣል። ባንኮች፣ ኢትዮ ቴሌኮም፣ ሚኒስቴር መሥሪያ ቤቶችና የሶፍትዌር ድርጅቶች ዋናዎቹ መዳረሻዎች ናቸው። ተማሪው የትብብር ደብዳቤ ከጸሐፊዋ ያስጽፋል፣ ኃላፊው ይፈርማል፣ ማህተም ያርፍበታል፣ የወጪ ቁጥርና ቀን ይሰጠዋል። ተቀባዩ ዘንድ መዝገብ ቤት ገብቶ ወደ ሰው ሀብት ይመራል። እዚህ ላይ ሁለት ነገር ይበላሻል። አንደኛ፣ «ለሚመለከተው ሁሉ» ተብሎ የተጻፈውን ብዙ መዝገብ ቤት ይመልሳል፤ ለየድርጅቱ በስሙ ማስጻፍ ይሻላል። ሁለተኛ፣ ሰኔ ላይ ፋይናል ሲጀመር ኃላፊው ስብሰባና ፈተና መሃል ስለሆነ ፊርማ ቀናት ይወስዳል። ግንቦት መግቢያ ላይ የጀመረ ይቀድማል። የደብዳቤውን ቁጥር በስልክ ፎቶ አንስቶ መያዝም ግድ ነው፤ «ደብዳቤህ አልደረሰንም» ለሚል መዝገብ ቤት ሌላ መልስ የለም።

የመመረቂያው ፕሮጀክት

አራተኛው ዓመት የፕሮጀክቱ ነው። ከሦስት እስከ አምስት ሰው ይቧደናል፤ በመጀመሪያው ሴሚስተር ፕሮፖዛል፣ የፍላጎት ትንተናና ዲዛይን፣ በሁለተኛው ኮዱ፣ ሙከራውና ዲፌንሱ ይሠራሉ። ርእሶቹ ይደጋገማሉ፦ የሆስፒታል ካርድ ክፍል፣ የቀበሌ መታወቂያ፣ የትራንስፖርት ትኬት፣ የአማርኛ ፊደል ማረሚያ። በመደጋገሙ የሚያላግጡ አሉ፤ ነገር ግን እነዚህ ሥራዎች በየዓመቱ አንድ ዓይነት ቦታ ላይ ስለሚሰናከሉ የቀደመውን ዶክመንት ያነበበ ቡድን ብዙ ወር ያተርፋል።

መሰናክሎቹ የሚመጡት በአብዛኛው ከፊደሉና ከዘመን አቆጣጠሩ ነው። የኢትዮጵያ ፊደል እ.ኤ.አ. በ1999 ዩኒኮድ በሚባለው ዓለም አቀፍ የፊደላት መለያ ቁጥር ደረጃ፣ በ3.0 እትሙ ገብቷል፤ ዩቲኤፍ 8 በሚባለው የዩኒኮድ አጻጻፍ አንዱ ፊደል ሦስት ባይት ይይዛል። የዳታቤዙ ካራክተር ሴት (የሚቀበላቸው ፊደላት ስብስብ) ላቲን ሆኖ ከተፈጠረ ስሞች ሁሉ የጥያቄ ምልክት ሆነው ይቀመጣሉ፤ ከተቀመጡ በኋላ ደግሞ ዋናው ጽሑፍ ስለጠፋ ማስተካከል አይቻልም። ከዳታቤዙ የተረፈው ሪፖርት ላይ ይያዛል፦ ኤፍፒዲኤፍ የሚባለው የፒኤችፒ ላይብረሪ እንዳለ ዩኒኮድ አያውቅም፣ ኤምፒዲኤፍ ወይም ቲሲፒዲኤፍ ከፊደሉ ፎንት ጋር ይሻላሉ። ፍለጋውም ሌላ ጉድ ነው። «ፀሐይ»፣ «ፀሀይ»፣ «ጸሐይ» ለኮምፒውተሩ ሦስት ሰዎች ናቸው። ሀ፣ ሐ፣ ኀ፤ ሰ፣ ሠ፤ አ፣ ዐ፤ ጸ፣ ፀ ወደ አንድ የሚመለሱበት የፍለጋ ዓምድ በጎን መፈጠር አለበት፣ ባለቤቱ የጻፈው ስም ግን ሳይነካ ይቀመጣል።

ቀን ላይ የሚሠራው ስህተት ለወራት ሳይታይ ይቆያል። የኢትዮጵያን ቀን በቀጥታ በዳታቤዙ የዴት (የቀን) ዓምድ ውስጥ የሚከት ቡድን መስከረም ላይ ምንም አያጋጥመውም። ጥቅምት 30 ሲደርስ ዳታቤዙ ይህን የፌብሩዋሪ 30 አድርጎ ስለሚያየው አይቀበልም፤ ጳጉሜን ደግሞ ጭራሽ 13ኛ ወር ነው። ትክክለኛው አሠራር በጎርጎርዮሳዊው አስቀምጦ ሲታይ መለወጥ ነው። መስከረም 1 ብዙውን ጊዜ ሴፕቴምበር 11 ይውላል፣ ጳጉሜን 6 ቀን ከሆነችበት ዓመት ማግስት ግን ሴፕቴምበር 12፤ ይህን ሳያስብ በ7 ዓመት ከምናምን ቀን ቀንሶ የሚሠራ ፕሮግራም በአራት ዓመት አንዴ ይሳሳታል።

የክፍያ ነገር ቀድሞ ዶክመንት ላይ ብቻ የሚታይ ሳጥን ነበር። ቴሌብር በ2013 ዓ.ም. ከመጣ፣ ቻፓን የመሰሉ የክፍያ መግቢያዎችም ከተከተሉ ወዲህ ተማሪዎች ከአገልግሎቱ ጋር የሚያገናኝ የሙከራ ቁልፍ (ሚስጥራዊ ኮድ) ወስደው እውነተኛውን ሂደት ያሳያሉ። ቁልፉን ኮዱ ውስጥ ጽፎ ለሁሉ ክፍት ወደሆነ ማከማቻ መስደድ የተለመደ ጥፋት ነው።

ዶክመንቱ ሲታተም የሠፈሩ ፕሪንት ቤቶች ይጨናነቃሉ። በዎርድ ፋይል የሄደ ሰው የፕሪንት ቤቱ ኮምፒውተር ፎንቱ ስለሌለው ማውጫውም ገጹም ይዛባበታል፤ በፒዲኤፍ መሄድ፣ ለጥረዛ በግራ በኩል ሰፋ ያለ ኅዳግ መተው፣ ከዲፌንሱ ሁለት ቀን መቅደም ነው። ዲፌንሱ ላይ ፈታኞች ከቴክኖሎጂው ይልቅ ማን ምን እንደሠራ ማወቅ ይወዳሉ። ኮዱን አንድ ሰው ብቻ የጻፈበት ቡድን በሁለተኛው ጥያቄ ይታወቃል፤ ያኔ የግል ነጥብ ይለያያል። መብራት ወይም ኔት ቢጠፋ ሲስተሙ በላፕቶፑ ብቻ የሚሠራ መሆን አለበት፤ የተቀረጸ ቪዲዮም በስልክ ይያዛል።

ኤግዚት ኤግዛምና ጂሲ

ከ2015 ዓ.ም. ወዲህ በመንግሥትም በግልም ተቋም የተማረ ሁሉ አገር አቀፉን የመውጫ ፈተና ይወስዳል፤ ማለፊያው 50 ከመቶ ነው። ፈተናው በኮምፒውተር የሚሰጥ የምርጫ ጥያቄ ሲሆን ከፕሮግራሚንግና ዳታቤዝ እስከ ኔትወርክ፣ ኮምፓይለር ዲዛይንና አውቶማታ ይደርሳል። ብዙዎችን የሚጥለው የሁለተኛ ዓመት ኮርስ ነው፤ ፕሮጀክት ላይ ያልነኩት ኮምፒውተር አርኪቴክቸር ተረስቷል። ኮርሶቹን ተካፍሎ እያንዳንዱ የደረሰውን ለሌላው የሚያስረዳበት ጥናት ከብቻ ንባብ ይሻላል፣ ጥያቄዎቹም ለሚቀጥለው ባች ይቀራሉ።

ጂሲ (የተመራቂ ባች) ሳምንቱ፣ ጋዋኑና መጽሔቱ እንደየባቹ ገንዘብ ነው። ኮሚቴው የሰበሰበውን በዝርዝር ግሩፑ ላይ ካልለጠፈ ባቹ ተኮራርፎ ይመረቃል፤ ይህም ከዚያ በኋላ ለሚመጣው የተመራቂዎች ግንኙነት መጥፎ ጅማሬ ነው።

ከምረቃ በኋላ

ተመራቂው በእጁ የሚያገኘው ቴምፖውን፣ ማለትም ጊዜያዊ ዲግሪውን ነው። በመንግሥት ዩኒቨርሲቲ የተማረ ሰው ኦሪጅናሉን የሚወስደው ኮስት ሼሪንጉን (የትምህርት ወጪ መጋራቱን) ከፍሎ ሲጨርስ ሲሆን፣ ክፍያው በአብዛኛው ከደመወዝ በአሠሪው በኩል ይቆረጣል። አሠሪው የቆረጠውን ገቢ ማድረጉን የሚያረጋግጠው ግን ራሱ ሠራተኛው ነው። መሥሪያ ቤት በለወጡ ቁጥር የተቆረጠውን ጠቅላላ ድምር የሚገልጽ ደብዳቤ ይዞ መውጣት ያስፈልጋል፤ ከዓመታት በኋላ የቀድሞ ድርጅት ፋይናንስ ክፍል ድረስ ሄዶ የደመወዝ ሰነድ ማስፈለግ አታካች ነው።

ለውጭ ትምህርት ኦፊሺያል ትራንስክሪፕቱ ታሽጎ ከሬጅስትራሩ በቀጥታ ይላካል፤ በተማሪው እጅ የተከፈተ ፖስታ ዋጋ የለውም። ከሁሉ የሚያስቸግረው የስም አጻጻፍ ነው። በ12ኛ ክፍል ሰርተፍኬት፣ በፋይዳ፣ በፓስፖርትና በዲግሪ ላይ የአባት ስም በላቲን ፊደል በተለያየ መንገድ ከተጻፈ እያንዳንዱ ልዩነት የራሱን ማስረጃ ይጠይቃል። ማረሚያው ቀላል የሚሆነው ከምረቃ በፊት፣ ስም ዝርዝሩ ለማረጋገጫ ሲለጠፍ ነው።

ትንሽ ዲፓርትመንት ሥራ ላይ የሚጠቅመው ሁሉም ሁሉን ስለሚያውቅ ነው። ሦስትና አራት ባች የሚቀድም ሰው ሲቪ ተቀብሎ ለቡድን መሪው ያደርሳል፤ የሚያስቀጥረው ግን አይደለም፣ ፈተናው በር ላይ ያደርሰዋል እንጂ። ሲቪ ሲላክ «ሥራ ካለ» ከማለት የተወሰነውን ማስታወቂያ፣ ጊትሃብ በሚባለው የኮድ ማከማቻ ላይ ያለውን ሥራና ተማሪው ራሱ የጻፈውን ክፍል ለይቶ መላክ መልስ ያመጣል። ውጭ ያሉት ደግሞ ብዙውን ጊዜ ላፕቶፕ ለመላክ ያስባሉ። በጉምሩክ ከሚጉላላ ላፕቶፕ ይልቅ በወር አንድ ምሽት በኢትዮጵያ ሰዓት ከምሽቱ 2 ላይ ኦንላይን ገብቶ የአራተኛ ዓመቶችን ኮድ መገምገም የበለጠ ይጠቅማል። ሲቀጠርም «በእኛ ሰዓት» የሚለው መጻፍ አለበት፤ ካልተጻፈ ግማሹ ሰው በ6 ሰዓት ተሳስቶ ይገባል።