«ሴት ብታውቅ በወንድ ያልቅ» ሲባል

ይህን ተረት ሳይሰማ ያደገ አማርኛ ተናጋሪ ያለ አይመስለኝም። ሴት የቱንም ያህል ብታውቅ የመጨረሻው ቃል የወንድ ነው ማለት ነው። ነገሩ ያለው «ያልቅ» የምትለው ቃል ላይ ነው። ሙግቱ አለቀ፣ ዕርቁ አለቀ እንደምንለው፣ የችሎትና የሽምግልና ቋንቋ ናት። ሽማግሌ ሆኖ የሚቀመጠው ወንድ፣ ነገሩን የሚቋጨውም ወንድ ከነበረበት ዘመን የመጣች ናት።

ልብ በሉ፣ ተረቱ ሴት አታውቅም አላለም። ማወቋን አምኖ ነው ከመቋጫው የሚያስወጣት። እኔን የሚያንገበግበኝ ይሄ ነው።

ሕጉም ቢሆን ቆይቶ ነው የተለወጠው። የ1952ቱ የፍትሐ ብሔር ሕግ ባልን የቤተሰቡ የበላይ ያደርግ ነበር። በፌዴራሉ የቤተሰብ ሕግ ባልና ሚስት እኩል የሆኑት በ1992 ዓ.ም. ነው።

ጅማ ደግሞ የራሷ ታሪክ አላት። የጅማው ንጉሥ ዳግማዊ አባ ጅፋር እ.ኤ.አ. በ1884 ለሸዋው ንጉሥ ለምኒልክ በሰላም ሲገብሩ፣ ምክሩ የእናታቸው የጉሚቲ ነበር። ጅማ ከጦርነት ዳነች። ጅሬን ላይ ያለው ቤተ መንግሥት የሚጠራው ግን በልጅየው ስም ነው። አወቀች፣ በወንድ አለቀ።

ባለፈው ኅዳር በአጋሮ መንገድ አንድ ቤት ቡና ሲሸጥ አየሁ። እናትየው ጀንፈሉን፣ ከነገለባው የደረቀውን ቡና፣ ከማድረቂያው አልጋ ላይ ዘግና ጆሮዋ ሥር አንቀጠቀጠችው። አንዱን ፈልፍላ ፍሬውን በጥርሷ ሞከረች። «ደርቋል» አለች። ነጋዴው ግን «አባወራው የሉም እንዴ፣ እትዬ?» አላት። ባልየው ተጠርቶ መጣ። ዋጋ ሲጠየቅ ዞር ብሎ ሚስቱን አያት። እሷ በዝግታ ነገረችው፣ እሱ ጮክ ብሎ ደገመው። ግንባሩ ላይ ላብ ነበር። የማያውቁትን ነገር የመጨረስ ዕዳም ቀላል አይደለም። «ወንድ አይደለህ እንዴ!» እየተባለ ያደገ ሰው «አላውቅም» ለማለት አፉ አይታዘዝለትም።

ገንዘቡ ሲመጣ አባትየው የሰባት ዓመት ገደማ ልጁን ጠራ። «ና፣ አንተ ቁጠር። ወንድ ነህ» አለው። ልጁ መሀል ላይ ጠፋበትና እንደገና ጀመረ። አሁንም ጠፋበት። ዓይኑ እንባ አቀረረ፤ በእጅጌው ቶሎ ጠረገው። ታላቅ እህቱ በሩ ላይ ቆማ ጀንፈል እያንቀጠቀጠች ነበር። ድምፅ ሳታሰማ ከንፈሯን ታንቀሳቅሳለች። ልጁ ከንፈሯን እያየ ቆጥሮ ጨረሰ።