በሆይ አን የወንዝ ጉዞና የቬትናም ምግብ አዘገጃጀት ትምህርት፦ አጠቃላይ ዳሰሳ

በመካከለኛው ቬትናም፣ የቱ ቦን ወንዝ ቬትናማውያን ምሥራቅ ባሕር ከሚሉት የደቡብ ቻይና ባሕር ሊገባ ጥቂት ኪሎ ሜትሮች ሲቀሩት፣ ሆይ አን የተባለችው ጥንታዊት የወደብ ከተማ ትገኛለች። በዚህች ከተማ ለጎብኚዎች ከሚቀርቡት አገልግሎቶች መካከል ሥር የሰደደው ከማለዳ እስከ ምሳ ሰዓት የሚቆየው የወንዝ ጉዞና የምግብ ማብሰል ትምህርት ነው። ጎብኚው ከአስተማሪው ጋር ገበያ ወጥቶ ይገዛዛል፣ በጀልባ ወንዙን ይወርዳል፣ በውኃ ውስጥ በበቀለ የዘንባባ ጫካ መካከል በክብ ታንኳ ይቀዘፋል፣ በመጨረሻም ራሱ ያበሰለውን ምሳ ይበላል። አገልግሎቱ በዚህ መልኩ የተደራጀው ከቱሪዝም መስፋፋት ጋር በቅርብ አሥርተ ዓመታት ቢሆንም፣ የተሠራባቸው ነገሮች ማለትም ወንዙ፣ ገበያውና ወጥ ቤቱ የቆዩ ናቸው። ተመሳሳይ ጉዞዎች በሁዌ ከተማና በሜኮንግ ወንዝ ዳርቻ ባለችው በካን ቶ ከተማም ይገኛሉ፤ ይህ ጽሑፍ ግን በሆይ አኑ ላይ ያተኩራል። በጽሑፉ ውስጥ ያሉት ዓመታትና ወራት በሙሉ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ሲሆኑ፣ ሰዓቶቹ ግን በእኛ አቆጣጠር የተጻፉ ናቸው።

ወንዙና የወደቡ ታሪክ

ቱ ቦን ከንጎክ ሊን ተራራማ አካባቢ ተነሥቶ ወደ 200 ኪሎ ሜትር ያህል ከተጓዘ በኋላ ኩዋ ዳይ በተባለው አፉ በኩል ወደ ባሕር ይፈስሳል። ቬትናማውያን ወደ ደቡብ ከመስፋፋታቸው በፊት ሸለቆው የቻም ሕዝብ መንግሥት እምብርት ነበር፤ ከ4ኛው እስከ 13ኛው ክፍለ ዘመን የተሠሩት የሚ ሶን የሂንዱ ቤተ መቅደሶችም ከወንዙ ላይኛው ክፍል ብዙም ሳይርቁ ዛሬም ቆመው ይታያሉ።

የሆይ አን ወርቃማ ዘመን የሚባለው 17ኛው ክፍለ ዘመን ነው። የንጉየን መሳፍንት ደቡቡን የአገሪቱን ክፍል ለብቻቸው ሲያስተዳድሩ ወደቡን ለውጭ ነጋዴዎች ክፍት አደረጉት፤ አውሮፓውያንም ከተማዋን ፋይፎ ብለው ጠሯት። ስለዚያ ዘመን ሰፋ ያለ ምስክርነት ከተዉት መካከል ከ1618 ጀምሮ ለጥቂት ዓመታት በአገሩ የኖረው ጣሊያናዊው የኢየሱሳውያን ማኅበር ካህን ክሪስቶፎሮ ቦሪ ይገኝበታል። አብዛኛውን ጊዜ ያሳለፈው ከሆይ አን ወደ ደቡብ ርቆ ቢሆንም፣ በ1631 ሮም ላይ የታተመው ዘገባው ከተማዋን በሚገባ ይገልጻታል። እንደ እርሱ አገላለጽ ቻይናውያንና ጃፓናውያን በየራሳቸው ሰፈር፣ በየራሳቸው ሹምና በየአገራቸው ሕግ ይተዳደሩ ነበር፤ አራት ወር ያህል በሚቆየው ዓመታዊ የንግድ ወቅት ጃፓናውያኑ ብር፣ ቻይናውያኑ ደግሞ ሐር ይዘው ይመጡ ነበር።

ለዚህ ዳሰሳ ይበልጥ የሚጠቅመው ግን ቦሪ ስለ ምግብና ስለ ውኃ የጻፈው ነው። የአገሬው ሰው ጨው የበዛበትን ዓሣ አብላልቶ የሚያወጣው፣ አፍ የሚያቃጥልና ሩዝ የሚያስበላ መረቅ እንደነበረ፣ አውሮፓዊ የወይን ጠጁን በበርሜል እንደሚያከማች ሁሉ እያንዳንዱ ቤትም ይህን መረቅ በበርሜልና በጋን ሞልቶ እንደሚያስቀምጥ ይናገራል። ዛሬ ኑክ ማም የሚባለውን የዓሣ መረቅ የቀመሰ ሰው ሁሉ በገለጻው ውስጥ ወዲያው ያውቀዋል። ስለ ጎርፉም ሲጽፍ፣ በመከር ወራት ዝናቡ በየአሥራ አምስት ቀኑ ገደማ ወንዞቹን አስሞልቶ ምድሩን ለሦስት ቀን ያህል እንደሚሸፍነው፣ ሕዝቡ ግን በዚህ ከማዘን ይልቅ «ጎርፉ መጣ» እየተባባለ እንደሚደሰት፣ በጀልባ እየተጠያየቀ እንደሚጫወት፣ በውኃው ላይም ገበያ እንደሚቆም ያስረዳል። ምክንያቱን ሲያስቀምጥም ጎርፉ መሬቱን ስለሚያለማው በዓመት ሦስት ጊዜ ሩዝ ይታጨዳል ይላል። ወንዙ ለሆይ አን መንገድም ማዳበሪያም ነበር ማለት ነው፤ ዛሬ ጎብኚው በአንድ ማለዳ የሚያልፍበት ከገበያ ወደ ጀልባ፣ ከጀልባ ወደ ምጣድ የሚወስደው መስመርም የተዘረጋው በዚሁ መሠረት ላይ ነው።

ጃፓን በ1635 ዜጎቿ ወደ ውጭ እንዳይጓዙ ከከለከለች በኋላ የጃፓናውያኑ ሰፈር እየተዳከመ ሄዶ ቻይናውያን ነጋዴዎች ቦታውን ያዙ። ከጃፓናውያኑ ዘመን የቀረው ዋናው ምልክት በ20,000 ዶንግ የብር ኖት ላይ የታተመው ባለ ጣሪያ ድልድይ ሲሆን፣ ከረጅም ጥገና በኋላ በ2024 እንደገና ተከፍቷል። በ18ኛው ክፍለ ዘመን መጨረሻ በንጉየን መሳፍንት ላይ የተነሣው የታይ ሶን አመፅ ከተማዋን ጎዳት፤ ከዚያም ወንዙ በደለል እየተሞላ በመሄዱ ትልልቅ መርከቦች ወደ ዳ ናንግ ዞሩ። የፈረንሳይ ዘመንና የ20ኛው ክፍለ ዘመን ጦርነቶች አልፈው አሮጌዎቹ ቤቶች መትረፋቸው የሚያስገርም ነው። በ1980ዎቹ ለጥበቃቸው ከደከሙት መካከል በከተማዋ ሐውልት የቆመለት ፖላንዳዊው የሕንፃ ባለሙያ ካዚሚየርዝ ክቪያትኮቭስኪ ይጠቀሳል። ቬትናም በ1986 የኢኮኖሚ ማሻሻያ ጀመረች፤ አሜሪካ የንግድ እገዳዋን በ1994 አነሣች፤ ዩኔስኮ ሆይ አንን በ1999 በዓለም ቅርስነት መዘገባት። ከዚህ በኋላ የመጣው ጎብኚ ብዛት ነው የማብሰል ትምህርቱን የወለደው።

ገበያው

ትምህርቱ ብዙውን ጊዜ ከጠዋቱ 2 ሰዓት ገደማ በወንዙ ዳር ባለው በማዕከላዊው ገበያ ይጀምራል። ዓሣው የሚመጣው ሌሊት ስለሆነ በዚህ ሰዓት የዓሣ ተራው ወደ ማለቁ ነው፤ የቅጠላ ቅጠሉ ተራ ግን ይደምቃል። ናና፣ ድንብላል፣ ከእኛ በሶብላ ጋር የሚዛመዱ ባለ ሽታ ቅጠሎች፣ ጠጅ ሳር፣ ዝንጅብልና እርድ ለኢትዮጵያዊ ዓይን እንግዳ አይደሉም። ልዩነቱ አጠቃቀሙ ላይ ነው፤ ቅጠሉ በአብዛኛው ወጥ ውስጥ ገብቶ አይበስልም፣ ጥሬውን በሰሐን ተከምሮ ይቀርብና ከእያንዳንዱ ጉርሻ ጋር ይበላል።

ከአትክልቱ ጥቂቱ የሚመጣው ከከተማው ሦስት ኪሎ ሜትር ያህል ርቃ ከምትገኘው ከቻ ኩዌ መንደር ነው። የመንደሯ ገበሬዎች መደባቸውን የሚያዳብሩት ከአካባቢው ውኃ በሚያወጡት አረንጓዴ የውኃ ሣር ሲሆን፣ የአትክልቷን ጣዕም ለዚሁ ይሰጡታል። መንደሯ ስንት ዓመቷ እንደሆነ የሚነገረው ይለያያል፤ ሦስት መቶም አራት መቶም የሚሉ አሉ። የተባበሩት መንግሥታት የቱሪዝም ድርጅት በ2024 ከምርጥ የቱሪዝም መንደሮች አንዷ ብሎ መርጧታል፤ የሚገባትን አግኝታለች ማለት ይቻላል። አንዳንድ አዘጋጆች ገበያውን ትተው ጉዞውን ከዚህችው የአትክልት መንደር ይጀምራሉ።

ጀልባውና ክቡ ታንኳ

ከገበያው ሥር ካለው መሳፈሪያ የሚነሣው ባለ ሞተር የእንጨት ጀልባ ግማሽ ሰዓት ወይም ከዚያ ትንሽ በሚበልጥ ጊዜ ካም ታን ወደተባለው የወንዝ ዳር አካባቢ ያደርሳል። በመንገዱ ላይ በቀርከሃ ምሰሶዎች ላይ የተዘረጉ ሰፋፊ የዓሣ መረቦች፣ መረባቸውን የሚጥሉ ዓሣ አጥማጆችና የሩዝ ማሳዎች ይታያሉ። ጊዜ ለመቆጠብ ሲሉ ይህን ክፍል በመኪና የሚተኩ አዘጋጆች አሉ፤ የትምህርቱ ፍሬ ነገር ቁሳቁሱ ከየት እንደሚመጣ ማየት ከሆነ ግን ጀልባውን መተው የማይመከር ነው።

ካም ታን የሚታወቀው ባይ ማው በተባለው የውኃ ዘንባባ ጫካ ነው። ስሙ «ሰባት ማው» ማለት ሲሆን ማው የአገሬው የመሬት መለኪያ ነው፤ ጫካው ዛሬ ከዚህ ልክ በእጅጉ የሰፋ ነው። ዘንባባው ግንዱ በጭቃ ውስጥ ተደብቆ ቅጠሉ ብቻ ከውኃው በላይ የሚቆም፣ ጨውና ጣፋጭ ውኃ በሚቀላቀሉበት ስፍራ የሚበቅል ዝርያ ነው። በቅጠሉ ጣሪያ ይከደናል፤ በጦርነቱ ዘመን ደግሞ ጫካው የተዋጊዎች መሸሸጊያ ነበር።

በጫካው ውስጥ ጎብኚው የሚሳፈርበት ታንኳ ቱንግ ይባላል። ከቀርከሃ ልጥ እንደ ሰፌድ ክብ ተደርጎ ይጠለፋል፣ ከዚያም ጎተራ በእበት እንደሚመረግ ሁሉ በከብት እበትና ዳው ራይ ከተባለው ዛፍ በሚገኝ ሙጫ ተመርጎ ውኃ እንዳያስገባ ይደረጋል። ፊትና ኋላ ስለሌለው እንደ ጣና ደንገል ታንኳ በጎን አይቀዘፍም፤ ቀዛፊዋ ከፊት ቁጭ ብላ አንዱን መቅዘፊያ በውኃው ውስጥ ወዲያና ወዲህ እያመላለሰች ታንኳውን ወደ ራሷ ትስበዋለች። ላየው ቀላል ይመስላል፤ የሞከረው ጎብኚ ግን ባለበት ሲሽከረከር ይቆያል። ስለ አመጣጡ አስጎብኚዎች የሚያወሩት፣ ፈረንሳዮች በጀልባ ላይ ግብር ሲጥሉ ዓሣ አጥማጆች «ይህ ቅርጫት እንጂ ጀልባ አይደለም» ለማለት እንደሠሩት ነው። ታሪኩ ጥሩ ወግ ነው፤ ነገር ግን ክብ ታንኳ በባሕር ዳር ማዕበል የማይገለበጥ፣ ርካሽና ለአንድ ሰው የሚበቃ መሆኑ ብቻውን ለመሠራቱ በቂ ምክንያት ይመስላል።

በቅርብ ዓመታት በካም ታን ድምፅ ማጉያ ተክሎ መዝፈንና ታንኳን በፍጥነት እያሽከረከሩ ትርኢት ማሳየት ተለምዷል። ይህ ለብዙ የአካባቢው ቤተሰብ እንጀራ መሆኑ አይካድም፤ ሆኖም ጸጥታ ፈልጎ የመጣ ሰው በማለዳ የሚነሣውን ጉዞ ቢመርጥ ይሻለዋል። ቀዛፊዎቹ፣ በርካቶቹ በዕድሜ የገፉ ሴቶች፣ በመንገድ ላይ ከዘንባባ ቅጠል ቀለበትና ፌንጣ ሠርተው ለእንግዳ ይሰጣሉ፤ ጉርሻ መስጠትም የተለመደ ነው።

ከምጣዱ ፊት

ማብሰያው ቦታ ግድግዳ የሌለው፣ ጣሪያው በዘንባባ ቅጠል የተከደነ ዳስ ሲሆን፣ ለእያንዳንዱ ተማሪ ምድጃ፣ መክተፊያና ቢላ ተዘጋጅቶ ይጠብቀዋል። በአንዳንዶቹ ዘንድ ሩዝ በሙቀጫ መውቀጥ፣ በሰፌድ ማንፈስና በድንጋይ ወፍጮ ከውኃ ጋር መፍጨት ይታያል፤ ከገጠር ለመጣ ኢትዮጵያዊ ይህ ክፍል ትምህርት ሳይሆን ትዝታ ነው።

ብዙውን ጊዜ ሦስት ወይም አራት ምግብ ይሠራል። ከሁሉም በላይ ትኩረት የሚስበው ባን ሴዎ ነው። ሊጡ የሩዝ ዱቄት፣ ውኃና እርድ ብቻ ስለሆነ ቢጫነቱን ያየ ሁሉ እንቁላል ይመስለዋል፤ እንደ እንጀራ ሊጥ መቡካትም አያስፈልገውም። በጋለ ዘይት ላይ ሲፈስ «ሴዎ» የሚል ድምፅ ያሰማል፣ ስሙም የወጣው ከዚሁ ድምፅ ነው። ሽሪምፕ፣ የአሳማ ሥጋና የማሾ ቡቃያ ይጨመርበትና ጠርዙ ሲደርቅ ይታጠፋል፤ ከዚያ በቅጠላ ቅጠል ተሞልቶ በሩዝ ወረቀት ይጠቀለላል። የሩዝ ወረቀቱ ራሱ ባን ቻንግ ይባላል። በሚፈላ ድስት አፍ ላይ በተወጠረ ጨርቅ ላይ ቀጭን የሩዝ ሊጥ በጭልፋ ጀርባ ክብ ተደርጎ ይዘረጋና እንደ አክንባሎ ባለ ክዳን ይከደናል፤ ከደቂቃ ባነሰ ጊዜ በስሎ በቀርከሃ ዘንግ ይነሣል። እንጀራ ጋግሮ የሚያውቅ እጅ ይህን ከሌላው ቶሎ ይለምደዋል።

የማጥቀሻው መረቅ በኑክ ማም፣ በውኃ፣ በስኳር፣ በሎሚ፣ በነጭ ሽንኩርትና በቃሪያ ይሰናዳል። ኑክ ማም የሚገኘው ትንንሽ የባሕር ዓሣ ከጨው ጋር ተደርቦ አንድ ዓመት ያህል እንዲብላላ በማድረግ ሲሆን፣ በዳ ናንግ የሚገኘው የናም ኦ መንደር በዚህ ሙያ የታወቀ ነው። አስተማሪዎች መጠኑን ቢነግሩም መጨረሻ ላይ የሚሉት «ቅመሱት» ነው፤ ጨው፣ ጣፋጭ፣ ጎምዛዛና የሚያቃጥል አንዱ ሌላውን ሳይሸፍን መሰማት አለበት።

የከተማዋ መለያ የሆነው ካው ላው ኑድል በትምህርቱ ውስጥ ከሥር መሠረቱ አይሠራም። ሩዙ በእንጨት አመድ ውኃ ይዘፈዘፋል፤ ጥንታዊው ደንብ አመዱ ከቻም ደሴቶች እንጨት፣ ውኃውም ባ ሌ ከሚባለው ጉድጓድ እንዲሆን ያዝዛል። ምግቡ የጃፓን ወይስ የቻይና ቅርስ ነው የሚለው ክርክር አልተቋጨም፤ የሆይ አን ሰዎች ግን የራሳችን ነው ይላሉ፣ አባባላቸውም የሚያስኬድ ነው።

ለኢትዮጵያውያን ጎብኚዎች

የኢትዮጵያ አየር መንገድ በሐምሌ 2025 በባንኮክ በኩል ወደ ሃኖይ መብረር ጀምሯል። ከሃኖይ ወደ ዳ ናንግ የአገር ውስጥ በረራ አለ፤ ሆይ አን አውሮፕላን ማረፊያም ባቡርም ስለሌላት ቀሪው 30 ኪሎ ሜትር ገደማ በመኪና ይሄዳል። ከነሐሴ 2023 ጀምሮ የሁሉም አገር ዜጎች እስከ 90 ቀን የሚያገለግል የኤሌክትሮኒክ ቪዛ መጠየቅ ይችላሉ።

የአሳማ ሥጋ በብዙው ምግብ ውስጥ ስለሚገባ ክርስቲያኑም ሙስሊሙም ሲመዘገብ አስቀድሞ ማሳወቅ ይኖርበታል፤ በዶሮ፣ በሽሪምፕ ወይም ከአኩሪ አተር በሚሠራው በቶፉ መተካት ለአዘጋጆቹ የተለመደ ነው። ጿሚ የሆነ ሰው ሥጋም ዓሣም የሌለበት ምግብ ማለት የሆነውን «ቻይ» የሚለውን ቃል ቢያውቅ ይጠቅመዋል። በቡድሂስት ልማድ በጨረቃ ወር 1ኛና 15ኛ ቀን ብዙ ሰው ከሥጋ ስለሚታቀብ ቃሉን የማያውቅ የለም፤ በቻይ ምግብ ኑክ ማም በአኩሪ አተር መረቅ ይተካል። «ሥጋ አልበላም» ማለት ብቻ ግን የዓሣ መረቁን አያስቀርም፤ ዓሣ በጾም ይበላል አይበላም በሚለው ላይ የጠበቀ አቋም ያለው ሰው ይህን ልብ ይበል።

ወቅቱና ጎርፉ

ከየካቲት እስከ ነሐሴ ያለው ጊዜ ደረቅ ስለሆነ ለጉዞው ይመቻል፤ በሰኔና በሐምሌ ሙቀቱ ስለሚያይል የማለዳው ክፍለ ጊዜ ይመረጣል። ከመስከረም መጨረሻ እስከ ታኅሣሥ ዝናቡ ይበረታል፣ ቦሪ የገለጸው ጎርፍም ዛሬ ድረስ ይመጣል። በ1964፣ በ1999 እና በጥቅምት 2025 መጨረሻ የደረሱት ጎርፎች ከከባዶቹ የሚቆጠሩ ሲሆኑ፣ በመጨረሻው ጊዜ ጥንታዊው ክፍል በውኃ ተውጦ ነዋሪዎች በየመንገዱ በጀልባ ይመላለሱ ነበር። ውኃው ከፍ ባለ ቀን የወንዙ ጉዞ ይሰረዛል፤ የጉዞው ቀን በጥቅምት ወይም በኅዳር የዋለበት ሰው ከመክፈሉ በፊት ጀልባው ከቀረ ገንዘቡ ይመለስ ወይም ትምህርቱ በሌላ ቀን ይሰጥ እንደሆነ ጠይቆ መስማማት አለበት።